አራት ቀዳዳ

ፍቅር ይዞኛል። ይህን የምናገረው በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ስለሆነ፣ የሚያውቁኝ ወዳጆቼ «ደግሞ ማን ተገኘች?» ማለታቸው አይቀርም። ቁመቷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ ነው። መልኳ የገብስ ቆሎ ይመስላል። ስትቆጣ ታፏጫለች፤ ስትስማማ ሆድ ታባባለች። የተወለደችው እብናት ነው፤ እኔም የዚያው ሰው ነኝ። አራት ቀዳዳ አላት። ዋሽንት ናት።

«ለአንዲት የሸምበቆ ቁራጭ ይህ ሁሉ መግቢያ!» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ከዛሬ ሰባት ዓመት በፊት እንዲያ እል ነበር። ዋሽንት ለእኔ በሬዲዮ ድራማ መግቢያ ላይ ከዶሮ ጩኸት ቀጥሎ የምትሰማ፣ «አሁን ገጠር ነን፤ ነግቷል» ለማለት ያህል የምትገባ ማጀቢያ ነበረች። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በምማርበት ጊዜ እኔው ራሴ ለመለማመጃ ዝግጅቴ ከካሴት ላይ ቀድቼ አስገብቻታለሁ። ነፊው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ማንም አልጠየቀኝም።

እብናትን የማያውቅ ቢኖር፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዝ አዲስ ዘመን ላይ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ያገኛታል። በደቡብ ፋርጣ፣ በደቡብ ምሥራቅ ላይ ጋይንት፣ በሰሜን በለሳ ይጎራበቷታል። ስሟ ባሕር ማዶ የተሰማው ግን በመልካም አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ የነበረው እዚያ ነው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይም የወቅቱ መንግሥት አሥር ሺዎችን በግድ ከመጠለያው አስወጥቶ በእግራቸው ወደየመጡበት ሰደዳቸው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ልጅ ሆነን ከትልልቆቹ አፍ «ሰባ ሰባት» የሚለው ቁጥር ሲወጣ ጨዋታ ይቆም እንደነበር አስታውሳለሁ።

ለአባታችን ሁለት ወንዶች ልጆች ነን። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ «አያ» ነው የምለው። ከብት የምንጠብቀው አብረን ነበር። አያ ዋሽንቱን ይዞ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ላሞቹ ሣሩን እየነጩ እሱን ከብበው ይውላሉ እንጂ ርቀው አይሄዱም። እኔ ስነፋ ግን «ፉፉፉ» ከማለት በቀር ወሬ የለም፤ ትንፋሼ ያልቅና ራሴን ያዞረኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ከዋሽንቷ ጋር ስታገል ሁለት ጥጆች የሰው ሽምብራ ውስጥ ገብተው፣ እነሱም ተገረፉ፤ እኔም ተገረፍኩ።

በ1989 ዓ.ም. መስከረም አባቴ እጄን ይዞ ከተማ ወሰደኝና ትምህርት ቤት አስገባኝ። አያ ከከብቶቹ ጋር ቀረ። ለምን እኔ ተመርጬ እሱ እንደቀረ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ልጅ የተሰጠውን ይወስዳል እንጂ ከማን ላይ እንደተነሣ መች ይጠይቃል?

አገራችን ለዜማ ባይተዋር ናት እንዳትሉኝ። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሻተ ዙር አባ ይሄዳል፤ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ትምህርቷ የታወቀች ናት። እነዚህ ዜማዎች መምህር አላቸው፤ ምልክት አላቸው፤ ጉባኤና ምስክር አላቸው። የዋሽንት ጉባኤ ቤት ግን ሜዳው ነው። መምህሩ ታላቁ እረኛ፣ ተማሪው ታናሹ እረኛ፣ ምስክሩ ከብቱ ነው። ሠሪውንማ ማን ያነሳዋል! በእጁ የሚሠራ ሰው በአገራችን ሲናቅ ነው የኖረው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩ ስንት ስም ወጥቶላቸዋል። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ማዕድኑን አቅልጠውታል፤ ንቀቱ ግን ሳይቀልጥ እኛ ዘንድ ደርሷል።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነበር። በገበያው ቀን ከአያ ጋር ወጥተን ስንዞር፣ ከዱላና ከጅራፍ ሻጮች አጠገብ አንድ ሽማግሌ ስልቻ አንጥፈው፣ በላዩ ላይ አሥር ያህል ዋሽንት ደርድረው ተቀምጠዋል። የሸምበቆ አለ፤ ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ተቆርጦ የተሠራም አለ። እኔም የከተማ ሰው ነኝና አላስቻለኝም።

«አባቴ፣ ይኼ ቧንቧ ባህላችንን አያበላሽም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ከጫማዬ እስከ መነጽሬ ተመለከቱኝና፣ «ልጄ፣ የሚጮኸው ቧንቧው ነው እንዴ? ውስጡ ያለው ነፋስ እኮ ነው» አሉኝ።

ይህን የፊዚክስ መምህራችንም ነግሮን ነበር፤ ያኔ ግን ለፈተና ስለነበር አልገባኝም። በቱቦው ውስጥ የሚርገበገበው የአየር ዓምድ ነው። ዓምዱ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል። ከታች ጀምሮ አንድ ቀዳዳ መክፈት ማለት ዋሽንቷን በዚያ ልክ ማሳጠር ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሸምበቆው ከተቆረጠ በኋላ ጥላ ላይ እንደሚደርቅ፣ ፀሐይ ካገኘው እንደሚሰነጠቅ ነገሩኝ። (ይህችን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በአንጓዎቹ ላይ ያለውን ግድግዳ በጋለ ብረት ይበሱታል። ቀዳዳዎቹንም በጋለ ብረት ያወጧቸዋል። ሜትር የላቸውም፤ ጣታቸውን በሸምበቆው ላይ አጋድመው ይለካሉ፤ በሱት፣ ነፉት፣ ጠርዙን በካራ ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ ደግመው ነፉት። «የሰው እጅ ይለያያልና ዋሽንትም ይለያያል፤ እጅህን የምትመስለዋን ፈልግ» አሉኝ። አንድ በአንድ አነሣሁ፤ አስቀመጥኩ። አንዷ ላይ አራቱ ጣቶቼ ሳልመራቸው ቀዳዳዎቹ ላይ ዐረፉ። ያች ናት እንግዲህ።

«ንፋት እስቲ።»

ነፋሁ። ፉፉፉ!

«ከንፈርህ ይቸኩላል። ጠያቂ ነህ መሰለኝ» አሉ። ጋዜጠኛ መሆኔን ብነግራቸው ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ዋጋዋ ሰማንያ ብር ነበር፤ መቶ ብሰጣቸው ሃያውን መለሱልኝ። «ድምፅ ሳታወጣባት ትርፍ አትስጠኝ።»

አያን «እስቲ ሞክራት» ብዬ ሰጠሁት። እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። «ዋሽንት የእረኛ ነው። እኔ አሁን እረኛ አሰማራለሁ እንጂ መች እጠብቃለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቁን እንደ ሳቅ ተቀበልኩት።

አዲስ አበባ ተመልሼ አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየኋት የኮንዶሚኒየም ክፍል ትምህርቴን ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ ሕፃን ልጅ በግድግዳው በኩል «እማዬ፣ የሰውየው ማንቆርቆሪያ እየፈላ ነው!» ሲል ሰማሁ። አልፈረድኩበትም። ዋሽንት ሁለቱም ጫፏ ክፍት ነው፤ እንደ ፊሽካ ትንፋሹን የሚመራ አፍ የላትም። ነፊው ከንፈሩን አጥብቦ ቀጭን ትንፋሽ በጠርዟ ላይ ማሳለፍ አለበት። ትንፋሹ ጠርዙን የሚመታበት ቦታ ከጤፍ ፍሬ አይሰፋም። ከዚያ ወዲህ ከሆነ ፉፉፉ፤ ከዚያ ወዲያም ከሆነ ፉፉፉ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ እስካገኝ ድረስ ጨለማ ውስጥ ስነፋ፣ አንዲት ድምፅ ሙሉ ሆና ወጣች። ደነገጥኩና ዋሽንቷን ከአፌ አነሣኋት። መልሼ ስሞክር የለችም። ያች የመጀመሪያዋ ድምፅ ናት ልቤን የወሰደችው።

በዚያው ዓመት አየርላንድ አገር የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ለእረፍት ሲመጣ የእነሱን ዋሽንት ይዞልኝ መጣ። አንድ ባለሙያ ከነሐስ ቧንቧ በእጁ የሠራት ናት። ስድስት ቀዳዳ አላት፤ አፏ ላይ ደግሞ እንደ ፊሽካ ያለ ምንቃር አላት። ገና ስነፋት ዘፈነች! እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ምንቃሩ ትንፋሼን ራሱ ጠርዙ ላይ ያደርስልኛል። ታሪኳንም ጓደኛዬ አጫወተኝ። በ1843 እ.ኤ.አ. ሮበርት ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የእርሻ ሠራተኛ ከቆርቆሮ ይሠራት ጀመር፤ በኋላም ማንቸስተር ገብቶ በብዛት አመረታት። ርካሽ ስለነበረች በሳንቲሟ ስም «የፔኒ ዋሽንት» ተባለች። አየርላንዶች ተቀብለው የራሳቸው አደረጓት። ደቡብ አፍሪካ ደርሳም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ስፖክስ ማሺያኔ «ክዌላ» የሚባለውን የከተማ ሙዚቃ ተጫውተውባታል።

የጓደኛዬን ስጦታ ወደድኳት፤ ግን አላፈቀርኳትም። ትዝታን ፈልጌባት አግኝቼባታለሁ። ድምፁ ግን የተወለወለ ነው። በእብናቷ ላይ ከዜማው ጋር ትንፋሹም ይሰማል፤ የሚነፋው ሰው እንደደከመ፣ ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ፣ እንዳዘነ ያስታውቅበታል። ደግሞም ሳይለምኗት እሺ የምትል ነገር፣ እሺታዋ ብዙ ጊዜ አይታወስም።

ከዚያ ወዲያ ዋሽንት የተባለ ሁሉ ያስቆመኝ ጀመር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች መሆናቸውን በጆሮዬ አውቀው ነበር፤ በጣቴ ያወቅኩት ግን አሁን ነው። አራት ቀዳዳ ሁሉም ተዘግቶ አንድ፣ አንድ በአንድ ሲከፈት አራት፣ በጠቅላላው አምስት ድምፅ ይሰጣል። ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል። ባለሙያ የሆነ ነፊ ታዲያ አንድ ዋሽንት አይበቃውም፤ ከዘፋኙ ድምፅና ከቅኝቱ ጋር እንዲገጥሙለት ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ትውልደ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ በ1963 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው፣ ተስፋዬ ለማም በኋላ በመራው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ዮሐንስ አፈወርቅ ዋሽንትን ከክራርና ከማሲንቆ ጎን መድረክ ላይ አቁሟታል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ስለ አንድ እረኛ ዋሽንት ነፊ የኦርኬስትራ ድርሰት ጽፏል። እረኛው በነዚህ ሰዎች እጅ አዳራሽ ገብቷል። ሜዳ ላይ የቀረውን እረኛ ግን እኔም ገና አልጠየቅኩትም ነበር።

ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ዋሽንቷን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ለሥራ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ከአፏ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ላይኛው ቀዳዳ አጠገብ ተሰንጥቃለች። ሽማግሌው «ፀሐይ» ብለውኝ ነበር፤ ሰምቼ ጽፌው ነበር፤ ረሳሁት። ነፋኋት፤ ፉፉፉ። እንደ መጀመሪያው ቀን።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ወደ ሽማግሌው ይዣት እሄድ ነበር። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የአገሬ መንገድ እንደ ቀድሞው «ልሂድ» ብለው የሚነሡበት መንገድ አልሆነም። ሽማግሌውም ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አየርላንድ ላለው ጓደኛዬ ሐዘኔን ብነግረው አንድ ታሪክ አወራልኝ። ፊንባር ፉሪ የሚባል ሙዚቀኛ ከሕንድ የመጣች የቀርከሃ ዋሽንት ነበረችው፤ ተሰበረች። በርናርድ ኦቨርተን የሚባል እንግሊዛዊ ዘንድ ይዟት ሄደ። ኦቨርተን የማትጠገን ሆና ሲያገኛት ከአሉሚኒየም ቧንቧ ሌላ ሠራለት። ዛሬ በብዙ አገር የሚነፋው ድምፀ ወፍራሙ ረጅም የብረት ዋሽንት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተገኘው እንዲህ ነው አለኝ። «አንተም ቧንቧ ግዛ» ማለቱ ነበር። ገዛሁም። ግማሽ ሜትር የውሃ ቧንቧ ይዤ፣ በምን እንደምለካው ሳላውቅ፣ ለአያ ደወልኩ።

«አያ፣ ዋሽንቷ ተሰነጠቀች።»

«የገበያዋ? እስከ የት?»

እስከ የት ብሎ የጠየቀኝ ሃያ ስምንት ዓመት ዋሽንት ያልነካ ሰው ነው። ነገርኩት።

«ቀዳዳውን ካላለፈ ትድናለች። የንብ ሰም ፈልግና አሙቀህ ስንጥቁን ሙላው። ከዚያ የፍየል ጠፍር ቀጭን አድርገህ፣ እርጥቡን ጠምጥምበት። ሲደርቅ እንደ ሞፈር ማሰሪያ አንቆ ይይዘዋል። ጥላ ላይ ይድረቅ።»

«ይህን ሁሉ እያወቅክ ለምን ተውከው?» አልኩት። ጥያቄ ሥራዬ ነውና ሳላስብበት ነው ያመለጠኝ።

ጥቂት ዝም አለ። «አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገረህም?»

«ምን?»

«ያን ዓመት አንዳችንን ሊያስተምር አሰበ። ሁለታችንን እንዳይል ከብቱን ማን ይጠብቃል? እኔ ስነፋ ላሞቹ አይርቁም። አንተ ስትነፋ ጥጃ ይጠፋል። ‹ይኼኛው ለከብት ሆኗል፤ ያኛው ከብትም አልሆነለት፣ ይማር› አለ።» ሳቀ፤ እንደ ገበያው ዕለት ያለ ሳቅ። «እናንተ ከተማ የሄዳችሁ ለት ዋሽንቴን ምጣድ ሥር ማገድኳት።»

እኔ የምለው ጠፋኝ። ዲፕሎማዬ ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጎበዝ ስለሆንኩ የተላክሁ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የእንጀራዬ መነሻ ከንፈሬ አለመቻሉ ኖሯል! እሱን ደግሞ ያስቀረው መቻሉ ነው።

«አያ፣ እኔ...»

«አንተ ምን አጠፋህ? ሰሙን ስታሞቅ እንዳታሳርረው» አለኝ።

ከበሮ የሚጠፍር ሰው ፈልጌ አንድ ክንድ ጠፍር ለመንኩት፤ ቀጭን አድርጎ ሸነሸነልኝ። ሰሙን አላሳረርኩትም። ጠፍሩ በሦስት ቀን ደረቀ። ዋሽንቷ ዛሬ አንገቷ ላይ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች፤ ድምፇም ትንሽ ጎርነን ብሏል፤ ግን ትናገራለች። ቧንቧውንም አልጣልኩትም። ከእሷ ላይ ለክቼ፣ ሽቦ አግዬ በስቼው፣ ማንቆርቆሪያዬ ፈላ ላለው ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ደግሞ የእሱ ማንቆርቆሪያ በግድግዳው በኩል ይፈላል።

አያን ወዲያው ልደውልለት ብል መስመር ጠፋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተገኘ። ሰላምታውን አሳጥሬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁና፣ የምችላትን አንዷን ትዝታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፋሁለት። ስጨርስ ከወዲያ በኩል ድምፅ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አያ?»

«አለሁ። ሦስተኛዋን ጣትህን መንጭቀህ አታንሣት። እንዲህ፣ እየጎተትክ...»

ከዚያ ፉጨት ሰማሁ። በከንፈሩ፣ ያችኑ እኔ የተሰናከልኩባትን ቦታ፣ ሳይቸኩል፣ ከከፍታው ወደ ታች እየጎተተ አወረዳት። ከኋላው አንድ ላም ስትጮህ ተሰማኝ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«በል መልሳት» አለኝ። መለስኳት።